ግሉኮስና ላክቶስ በአንድ ፍላስክ፦ ኢ. ኮላይ ከአንድ ስኳር ወደ ሌላው ሲዞር ደረጃ በደረጃ መለካት

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ግሉኮስና ላክቶስ የተባሉት ስኳሮች አንድ ላይ ሲቀርቡለት ሁለቱን እኩል አይነካም። ግሉኮሱን ጠርጎ ይጨርሳል፣ እድገቱ ይቆማል፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ ላክቶሱ ይዞራል። ግራፉ ላይ ሁለት ዳገትና በመሃላቸው አንድ ሜዳ ሆኖ ይወጣል። ዣክ ሞኖ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1941 በዶክትሬት ሥራው ገልጾ ዲያውክሲ አለው። የዚያ ሜዳ ምስጢር ፍለጋ ነው በኋላ ወደ ላክ ኦፔሮን (ላክቶስ ለመብላት የሚያስፈልጉት ጂኖች አብረው የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ቡድን) የወሰደውና እ.ኤ.አ. በ1965 ከፍራንሷ ዣኮብና ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ኖቤል ያሸለመው።

ሙከራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሜዳው ሳይታይ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ሜዳ ታይቶ «ዲያውክሲ አገኘን» ስለሚባል ነው። ኦክስጅን ሲያጥር እድገት ይተኛል፤ ስፔክትሮፎቶሜትሩ (በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያልፍ የሚለካው መሣሪያ) ከአቅሙ በላይ ሲጫንበትም መስመሩ ይተኛል። ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ እድገቱ የቆመው በእርግጥ ግሉኮስ ስላለቀ ነው?

ባክቴሪያው

ኬ-12 ኤምጂ 1655 የተባለው የኢ. ኮላይ ዝርያ ይሻላል። የላክ ጂኖቹ ሙሉ ናቸው፣ አሚኖ አሲድም ሆነ ቫይታሚን ሳይጨመርለት በጨውና በስኳር ብቻ ያድጋል። በየላቦራቶሪው ፍሪዘር ውስጥ የሚገኘው ዲኤች 5 አልፋ ለዚህ አይሆንም፤ ላክ ዜድ ጂኑ ጎዶሎ ስለሆነ ላክቶስ አይሰብርም፣ ቲያሚንም ይፈልጋል። ቲያሚን ጨምራችሁ በእሱ ከሠራችሁ ሜዳው ይመጣል፤ ሁለተኛው ዳገት ግን እስከ ማታ ብትጠብቁም አይመጣም።

በእጃችሁ ያለው ዝርያ ላክቶስ መብላቱን ካላወቃችሁ ማኮንኪ አጋር ላይ ዘርግታችሁ በ37 ዲግሪ አሳድሩት። ላክቶስ የሚሰብረው ኮሎኒ ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናል፤ የማይሰብረው ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሳህን ብዙ ቀን ያድናል።

ሚዲያው

በላቦራቶሪ የተለመደው ማሳደጊያ፣ ኤልቢ፣ አይሠራም። ፔፕታይድና አሚኖ አሲድ የሞላበት ስለሆነ ግሉኮሱ ቢያልቅም ባክቴሪያው ሌላ የሚበላው አያጣም፤ ሜዳው ይደፈናል። የሚያስፈልገው የካርቦን ምንጩ እናንተ የጨመራችሁት ስኳር ብቻ የሆነበት ኤም 9 የተባለው የጨው ሚዲያ ነው። አምስት እጥፍ ለሆነው የጨው ስቶክ፣ ለ1 ሊትር፦

- ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት (7 ውሃ ያለው) 64 ግራም፤ ደረቁ ከሆነ 33.9 ግራም
- ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 15 ግራም
- ሶዲየም ክሎራይድ 2.5 ግራም
- አሞኒየም ክሎራይድ 5 ግራም

ይህንን በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ አድርጉት (በግፊት ባለ እንፋሎት አምክኑት)። 1 ሞላር ማግኒዥየም ሰልፌትና 0.1 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ በየራሳቸው ጠርሙስ አውቶክሌቭ ይደረጋሉ። ከፎስፌቱ ጋር አብረው ከሞቁ ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ዝቃጩ ደግሞ ኦዲ (ስፔክትሮፎቶሜትሩ ለፈሳሹ ድፍርስነት የሚሰጠው ቁጥር) ላይ እንደ ባክቴሪያ ይቆጠራል። ስትቀላቅሉም ካልሲየሙን መጨረሻ ላይ፣ በተቀጠነው ሚዲያ ውስጥ፣ እያማሰላችሁ ጨምሩ።

ስኳሮቹ 20 በመቶ ግሉኮስ (20 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር) እና 10 በመቶ ላክቶስ ይሁኑ። ላክቶስ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ውሃውን ለብ ማድረግ ይረዳል። ሁለቱንም በ0.22 ማይክሮ ሜትር ፊልተር አጥሩ። ስኳር ከጨዎቹ ጋር አብሮ ሲፈላ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ምን ያህሉ ስኳር ሆኖ እንደቀረ ደግሞ ማንም አያውቅም። እዚህ ሙከራ ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው፤ ምክንያቱም የግሉኮሱ መጠን ሜዳው የት ላይ እንደሚመጣ ይወስናል።

መጠኑ ለምን እንዲህ ሆነ

ግሉኮስ 0.05 በመቶ፣ ላክቶስ 0.15 በመቶ። ቁጥሮቹ እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም። 0.05 በመቶ ማለት በሊትር 0.5 ግራም ነው። ኢ. ኮላይ አየር በበቂ ሲያገኝ ከ1 ግራም ግሉኮስ ከ0.4 እስከ 0.5 ግራም ደረቅ ክብደት ያወጣል፤ ስለዚህ ከ0.2 እስከ 0.25 ግራም በሊትር ይገኛል። በ600 ናኖ ሜትር ኦዲ 1 ማለት ደግሞ በግምት ከ0.3 እስከ 0.4 ግራም በሊትር ነው። ሲሰላ ግሉኮሱ የሚያልቀው ኦዲ ከ0.5 እስከ 0.8 ባለው ውስጥ ይሆናል።

ግሉኮሱን ወደ 0.2 በመቶ ብታሳድጉት ሜዳው ከኦዲ 2 በላይ ይሄዳል፤ እዚያ አየርም ያጥራል፣ አሴቴትም ይከማቻል፣ መሣሪያውም ማቅጠን ይፈልጋል። ወደ 0.01 ካወረዳችሁት ደግሞ ሜዳው ኦዲ 0.15 አካባቢ ይመጣና ከመነሻው ጋር ይቀላቀላል። 0.05 መሃሉ ነው።

አራቱ ፍላስኮች

እያንዳንዱ 250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ፣ ውስጡ 50 ሚሊ ሊትር። ከዚህ በላይ አትሙሉ፤ አየር የሚገባው በገጹ በኩል ነው። ለሁሉም፦ 10 ሚሊ ሊትር የጨው ስቶክ፣ 0.1 ሚሊ ሊትር ማግኒዥየም ሰልፌት፣ 0.05 ሚሊ ሊትር ካልሲየም ክሎራይድ። ከዚያ፦

- ፍላስክ ሀ፦ ግሉኮስ ብቻ፣ 0.125 ሚሊ ሊትር
- ፍላስክ ለ፦ ላክቶስ ብቻ፣ 0.75 ሚሊ ሊትር
- ፍላስክ ሐ፦ ሁለቱም፣ በእነዚሁ መጠኖች
- ፍላስክ መ፦ ስኳር የለም

ለባክቴሪያው 1.25 ሚሊ ሊትር ቦታ ትታችሁ ቀሪውን በንጹሕ ውሃ ሙሉ። ለፍላስክ ሐ ውሃው 37.7 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል።

ብዙዎች ጊዜ ለመቆጠብ ሐን ብቻ ይሠራሉ። ያ ከንቱ ድካም ነው። ዋናው ምስክር ሀ ነው፤ በግሉኮስ ብቻ ያደገው ባክቴሪያ የቆመበት ኦዲ፣ ሐ ውስጥ ሜዳው ከተጀመረበት ኦዲ ጋር መግጠም አለበት። ከገጠመ ግሉኮስ አልቋል። ካልገጠመ ሐ ላይ ያያችሁት ሜዳ ከሌላ ነገር የመጣ ነው። ለ ደግሞ ባክቴሪያው ላክቶስ መብላት መቻሉን ያሳያል፤ መ ከስቶካችሁ አብሮ የገባ ምግብ ካለ ያጋልጣል። መ ከመነሻው ኦዲ እጥፍ ከሆነ እጠባችሁ ጎድሏል ወይም ሚዲያው ተበክሏል።

ከማታው እስከ ጠዋት

አንድ ኮሎኒ ወስዳችሁ 0.2 በመቶ ግሉኮስ ባለው 10 ሚሊ ሊትር ኤም 9 ውስጥ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ፣ በ37 ዲግሪ፣ በደቂቃ 200 ዙር ከ16 እስከ 18 ሰዓት አሳድሩት። ላክቶስ ባለበት ካሳደራችሁት ላክቶስ የሚሰብረውን ኢንዛይም ተሸክሞ ይመጣል፤ ሜዳው ያጥራል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ባክቴሪያ ትናንት የበላውን ለጥቂት ትውልድ አይረሳም፤ ፕሮቲኑ በየክፍፍሉ ግማሽ በግማሽ እየሳሳ ነው የሚጠፋው።

ጠዋት በ4,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጉ፣ ላዩን አፍስሱ፣ ስኳር በሌለው ኤም 9 በትኑት። ይህንን ሁለት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ኦዲ 2 እንዲሆን አስተካክላችሁ ከዚያ 1.25 ሚሊ ሊትር ለየፍላስኩ ጨምሩ፤ መነሻ ኦዲ 0.05 ይሆናል። ፍላስኮቹን አስቀድማችሁ 37 ዲግሪ ላይ አሙቋቸው። ቀዝቃዛ ሚዲያ የመጀመሪያውን መዘግየት ያረዝማል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

መለካት

በኤም 9 ግሉኮስ ላይ ይህ ባክቴሪያ እጥፍ የሚሆነው በ1 ሰዓት ግድም ነው። ከ0.05 ተነስቶ 0.6 ለመድረስ ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል እጥፍ መሆን ይፈልጋል፤ ከመጀመሪያው መዘግየት ጋር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ማለት ነው። አጠቃላዩ ሙሉ የሥራ ቀን ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ የሚጀመር ሙከራ አይደለም።

ኦዲ 0.3 እስኪደርስ በየ30 ደቂቃው 1 ሚሊ ሊትር ውሰዱ። ከዚያ በኋላ በየ10 ደቂቃው፣ ግን 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ወስዳችሁ በ0.8 ሚሊ ሊትር ስኳር በሌለው ኤም 9 አቅጥናችሁ በ5 አባዙት። እስከ መጨረሻው በ1 ሚሊ ሊትር ከቀጠላችሁ ፍላስኩ ራሱ ያልቃል፤ ፈሳሹ ሲቀንስ ደግሞ አየሩ ይለወጣል። ኩቬቱ (ናሙናው የሚለካበት ትንሽ ግልጽ ዕቃ) ውስጥ የነበረውን ወደ ፍላስክ መመለስ አይታሰብም።

የማቅጠኛው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አብዛኛው ስፔክትሮፎቶሜትር ከ0.4 በላይ ቀጥ ያለ መስመሩን ይለቃል፤ እውነተኛው 0.8 ሲሆን ለምሳሌ 0.65 ይላል። ሰው ሳያቀጥን ይቀጥልና መስመሩ ሲጎብጥ ሜዳ የመጣ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ልክ ሜዳው ሊመጣ ሲል ማቅጠን ይጀምርና በሽግግሩ ላይ ቁጥሩ ይዘላል። ስለዚህ 0.3 ላይ ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ሁለት ሦስት ነጥቦችን በሁለቱም መንገድ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ፒፔቱን ፈትሹ።

ኩቬቱን ከማንበባችሁ በፊት ገልበጥ ገልበጥ አድርጉ፣ ብርሃን የሚያስተላልፉትን ሁለት ጎኖች ጥረጉ፣ ቁጥሩን ወዲያው መዝግቡ። አራቱን ፍላስኮች በ2 ደቂቃ እየለያያችሁ ብትጀምሩ ናሙና መውሰዱ አይደራረብም። ሼከሩ ከ1 ደቂቃ በላይ አይቁም፤ ኦዲ 0.5 ላይ ያለ ባክቴሪያ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል።

ጥሩ ሜዳ በ10 ደቂቃ ልዩነት ሲነበብ ይህን ይመስላል፦ 0.49፣ 0.55፣ 0.60፣ 0.61፣ 0.61፣ 0.60፣ 0.61፣ 0.63፣ 0.67፣ 0.73። አገባቡን ተመልከቱ፤ መግቢያው ላይ በድንገት ይቆማል፣ መውጫው ላይ ግን ቀስ እያለ ይነሳል። ግሉኮስ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ ላክቶስን የሚጀምሩት ግን ሁሉም በአንድ ደቂቃ አይደሉም። በየ30 ደቂቃው የሚለካ ሰው ከእነዚህ ሦስት አራቱን ብቻ ያገኝና የመለኪያ ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ግራፉን በሎጋሪዝም ስኬል ሳሉት። የእድገት ፍጥነት የሁለት ኦዲዎች ጥምርታ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በሰዓት ልዩነት ተካፍሎ ነው። ኦዲ በ60ኛው ደቂቃ 0.10፣ በ180ኛው 0.40 ቢሆን የ4 ሎጋሪዝም 1.386 ነው፤ በ2 ሰዓት ሲካፈል 0.693 በሰዓት፤ እጥፍ መሆኛው 1 ሰዓት። ለሁለቱም ዳገት ለየብቻ አስሉ፤ የሐ የመጀመሪያ ዳገት ከሀ፣ ሁለተኛው ከለ ዳገት ጋር መቀራረብ አለበት።

በሜዳው ውስጥ ምን እየሆነ ነው

ላክቶስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ውጭ አለ። ሳይነካ የሚቆየው በሩ ስለተዘጋ ነው። ግሉኮስ ሲገባ በሚጓጓዝበት መንገድ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ፎስፌቱን ለግሉኮስ አሳልፎ ይሰጣል፤ ፎስፌት አልባ ሲሆን ደግሞ ሄዶ የላክቶስ አስገቢውን፣ ማለትም የላክ ዋይን ፕሮቲን፣ ይይዘዋል። ላክቶስ ካልገባ ከእሱ የሚገኘው አሎላክቶስ አይሠራም፤ አሎላክቶስ ከሌለ ጂኑን ዘግቶ የያዘው ጨቋኝ ፕሮቲን ከጂኑ አይለቅም። በዚህ ላይ ጂኑ በደንብ እንዲነበብ የሚያግዘው ሞለኪውል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ፣ ዝቅ ስለሚል ጂኑ ቢከፈት እንኳ በደካማው ይነበባል።

በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ጎልቶ የሚቀርበው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነው። ለዚህ ጥንድ ግን ዋናው ቁልፍ የበሩ መዘጋት እንደሆነ ኢናዳ፣ ኪማታና አይባ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳይተዋል። እናንተም ልትፈትሹት ትችላላችሁ፦ አምስተኛ ፍላስክ እንደ ሐ አዘጋጁና ከመጀመሪያው 0.5 ሚሊ ሞላር አይፒቲጂ ጨምሩበት። አይፒቲጂ ያለ አስገቢው መግባት ይችላል፣ ጨቋኙን ያስለቅቃል፣ ራሱ ግን አይበላም። ሜዳው ሊጠፋ ወይም በጣም ሊያጥር ይገባል።

ግሉኮሱ ሲያልቅ አስገቢው ይለቀቃል፤ ግን ስንት አስገቢ አለ? በየህዋሱ በጣት የሚቆጠሩ፣ ጂኑ አልፎ አልፎ ሲያፈስ የተሠሩ። በእነሱ ጥቂት ላክቶስ ይገባል፤ እንዲሁ በአጋጣሚ የተሠራው ጥቂት ቤታ ጋላክቶሲዴዝ (ላክቶስ የሚሰብረው ኢንዛይም) ከፊሉን ወደ አሎላክቶስ ይለውጣል፤ ጨቋኙ ይለቃል፤ ተጨማሪ አስገቢ ይሠራል። ክቡ እስኪሽከረከር ድረስ ያለው ጊዜ ነው ሜዳው። ያውም ህዋሱ በባዶ ሆድ ፕሮቲን መሥራት አለበት።

ኢንዛይሙን ራሱን ለማየት

ኦዲ የሚነግራችሁ እድገት መቆሙን ነው። ኢንዛይሙ መቼ እንደተሠራ ለማየት ከሐ ስምንት ያህል ናሙና፣ 1 ሚሊ ሊትር እያንዳንዱ፣ ከሜዳው በፊት ሁለት፣ በሜዳው ውስጥ ሦስት ወይም አራት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ውሰዱና ወዲያው በረዶ ላይ ለ20 ደቂቃ አስቀምጡ።

0.5 ሚሊ ሊትር ናሙና ከ0.5 ሚሊ ሊትር ዜድ በፈር (ለዚህ ኢንዛይም መለኪያ የሚዘጋጀው የፎስፌት ፈሳሽ) ጋር ቀላቅሉ። ሁለት ጠብታ ክሎሮፎርምና አንድ ጠብታ 0.1 በመቶ ኤስዲኤስ ጨምራችሁ 10 ሰከንድ በኃይል ነቅንቁ፤ ሽፋኑ እንዲያሳልፍ ነው። በ28 ዲግሪ 5 ደቂቃ አቆዩ፣ በሚሊ ሊትር 4 ሚሊ ግራም ከሆነ ኦኤንፒጂ (ኢንዛይሙ ሲሰብረው ቢጫ የሚሰጥ ነገር) 0.2 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ ሰዓት ያዙ። ቢጫው በደንብ ሲታይ 0.5 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሶዲየም ካርቦኔት ጨምራችሁ አቁሙት። ክሎሮፎርሙ ወደታች ስለሚወርድ ከላይ ብቻ ቅዱ፤ ከወረደው ጠብታ ጥቂት ኩቬት ውስጥ ከገባ ንባቡ ይረበሻል። ክሎሮፎርም ጭስ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚነካው።

ስሌቱ፦ የ550 ንባብን በ1.75 አባዝታችሁ ከ420 ንባብ ቀንሱ፣ በ1000 አባዙ፣ ከዚያ ለደቂቃው፣ ለናሙናው ሚሊ ሊትርና ለኦዲ 600 ብዜት አካፍሉ። 420 ላይ 0.45፣ 550 ላይ 0.02፣ 15 ደቂቃ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ኦዲ 0.5 ቢሆን፦ 415 ለ3.75፣ ማለትም 111 ሚለር ዩኒት (የኢንዛይሙ መጠን የሚገለጽበት መለኪያ)። በግሉኮሱ ጊዜ ጥቂት ዩኒት ብቻ ነው የሚገኘው፤ ለቢጫው አንድ ሰዓት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ደስ የሚለው ነገር ቁጥሩ መውጣት የሚጀምረው ኦዲ ገና ሜዳ ላይ እያለ መሆኑ ነው።

ሲበላሽ

*ሜዳው አልመጣም።* የማታውን ፍላስክ ጠይቁ፦ ላክቶስ ነበረበት? ኤልቢ ነበር? እጠባው ሁለት ጊዜ ተደርጓል? ከዚያ የናሙናውን ልዩነት።

*ሜዳው መጣ፣ ግን ከሀ ማቆሚያ በታች።* ከግሉኮስ ሌላ ያለቀ ወይም ያጠረ ነገር አለ። ሼከሩን፣ የፍላስኩን ሙላትና ማግኒዥየም መጨመሩን እዩ። ማግኒዥየም የተረሳበት ፍላስክ ጥሩ ጀምሮ ሊተኛ ይችላል።

*ሜዳው ከ2 ሰዓት በላይ ቆየ።* ለ እንዴት ነው? እሱም ለመነሳት ይህን ያህል ከዘገየ ባክቴሪያው ነው፤ ዝርያውን በማኮንኪ መልሳችሁ ፈትሹ። ለ ቶሎ ተነስቶ ሐ ከዘገየ ለሐ የገባው ላክቶስ መጠን አጠራጣሪ ነው።

*ለ ያለ ምንም መዘግየት ተነሳ።* ላክቶሳችሁ ውስጥ ግሉኮስ ሊኖር ይችላል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ኪት ካለ ስቶኩን ለኩ። የደም ስኳር መለኪያ ለዚህ አትመኑ፤ የተስተካከለው ለደም ነው።

*ሀ ከቆመ በኋላ ትንሽ ከፍ አለ።* ይህ ብልሽት አይደለም። ኢ. ኮላይ በፍጥነት ሲያድግ የጣለውን አሴቴት ተመልሶ ሲበላ ነው።

ጥንዱን ስትቀይሩ

ሁለት ምግብ ያለበት ሁሉ ሜዳ አይሠራም። ስኳሮቹ በጣም በትንሽ መጠን እየተንጠባጠቡ ሲገቡ፣ እንደ ኬሞስታት፣ ኢ. ኮላይ ግሉኮስንና ሌላውን አብሮ ይበላል። ምርጫውም ከባክቴሪያ ባክቴሪያ ይለያል፤ ሱዶሞናስ ሰክሲኔትና ግሉኮስ ቢቀርብለት የሚቀድመው ሰክሲኔቱን ነው። ስለዚህ ለአዲስ ጥንድ መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው በሦስት መጠን፣ 0.02፣ 0.05 እና 0.1 በመቶ፣ አሳድጋችሁ ማቆሚያ ኦዲውን ከመጠኑ ጋር ሳሉ። መስመሩ ቀጥ ካለ የሚገድበው ያ ስኳር ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የሚበላውን መጠን ሜዳው ከ0.5 እስከ 0.7 እንዲመጣ ከመስመሩ ላይ አንብቡ። ከጎበጠ ግን ወደ ድብልቁ አትለፉ፤ ከስኳሩ በፊት የሚያልቀው ሌላ ነገር መጀመሪያ መገኘት አለበት።